ነስረዲን ያቀዘቀዘው ካርድ

ዘኪያ የዓሣ ቤቱን በር ስትከፍት ሽታው ገፍትሮ ወደ ውጭ መለሳት። አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ደግማ ገባች። ዓሣ እየሸጠች ያደገች ሴት ናት፤ የጣና ዳር ሽታ አዲስ አይሆንባትም። ይኼ ግን የበሰበሰ ሽታ ነበር።

የፍሪዘሩ ክዳን በአባቷ መቅዘፊያ ተደግፎ ተበርግዷል። ቀረሶ ዓሣዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ነጥቶ፣ ቡናማ ውሃ ላይ ይዋልላሉ። ከፊት ለፊቱ፣ ዓሣ በሚበለትበት ጠረጴዛ ላይ፣ የወንድሟ የነስረዲን ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ያጉረመርማል። ዝንቡ እሱም ላይ ሰፍሯል።

ነገ የታናሻቸው የሚስራ ኒካሕ ነው። አባታቸው ቡርሀን ልጆቻቸውን ሲድሩ እንግዳውን በሰው መረብ ዓሣ አብልተው አያውቁም። ዘንድሮም ያንን የታመመ ወገባቸውን ይዘው ሰሞኑን ሐይቅ ላይ የከረሙት ለዚሁ ነው።

«ነስረዲን!»

ስልኩን እንደያዘ እየሳቀ መጣ። «አየሽው? ሠራ እኮ! የኮምፒውተሩ ሊኑክስ ሲስተም ግራፊክስ ካርዱን አላውቅም እያለ ስንት አስለፋኝ መሰለሽ! አሁን ማይኒንግ ጀምሯል። እኔ ተኝቼ እሱ ክሪፕቶ፣ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ያወጣልኛል።»

«ፍሪዘሩን ማን ከፈተው?»

«ካርዱ እየጋለ ይጠፋብኛል። ቅዝቃዜው እንዲደርሰው ከትናንት ወዲያ ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነው የከፈትሁት። ከዚያ... ወላሂ ረሳሁት።»

ሽታውም አስጠላት፣ እሱም አስጠላት። እንዲህ ያለ ግማት ውስጥ ቆሞ ዓይኑ አሁንም ወደ ስልኩ ይሰረቃል። ልትተፋበት ምንም አልቀራት።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ አባታቸው ከበሩ።

ዘኪያ ልትከልላቸው ሞከረች፤ አልፈዋት ገቡ። አንዱን ቀረሶ በጅራቱ ሊያነሱት ሲሉ ጅራቱ ብቻውን እጃቸው ላይ ቀረ። ጅራቱን ጥለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ።

«ይኼ ማሽን ምንድን ነው የሚያወጣው?»

«ዲጂታል ሳንቲም ነው አባባ።»

«ይበላል?»

ቡርሀን እጃቸውን ታጥበው መረባቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

«አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ ልሂድ» አለ ነስረዲን።

ዞረውም አላዩትም። መቅዘፊያቸውን ከክዳኑ ሥር መዘዙት፤ ክዳኑ ድው ብሎ ተከደነ።

«አንተ እሱን ጠብቅ» አሉት ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው እያሳዩ። «እንዳይሞቀው።»