ፈስል የሚሉት ነገር

እጅጋየሁ አረብኛ የለመደችው በስደት፣ ካፉሪ ሰፈር፣ ተቀጥራ ከምትሠራበት ቤት፣ ከመዳሟ አፍ ነው። ስለዚህ የምታውቀው ትእዛዝ ብቻ ነበር፦ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ፣ ተይ። ስትለምን እንኳ ያዘዘች ይመስላል። ባለሱቁ ስቆ ያልፋታል። የልጇ አስተማሪ ግን ባለሱቅ አይደለችም።

በሚኖሩበት በቡሪ ሰፈር ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ ይምጣ ተብሎ ሲጠራ፣ ባሏ ይስማው «አንቺ ሂጂ፣ ያንቺ አረብኛ ይሻላል» ብሎ ባለሦስት እግር ራክሻውን አስነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። እሷም ስድስተኛ ክፍል የምትማረውን ሰብለን አስከትላ የሃይማኖት አስተማሪዋ ፊት ቆመች።

ኡስታዛ ሉጥፊያ ብዙ ተናገረች፣ ቶሎ ቶሎም ተናገረች። እጅጋየሁ የለቀመችው ሁለት ቃል ነው፤ «ዲን» እና «ፈስል»። ዲን ሃይማኖት መሆኑን ታውቃለች። ፈስልንም ታውቃለች። መዳሟ ምግብ ሠሪዋን የሻሽወርቅን፣ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ «መፍሱላ» ስትላት አጠገባቸው ቆማ ነበር። ተባረሻል ማለት ነው።

ልጄን በሃይማኖቷ ሊያባርሩብኝ ነው አለች በልቧ። ለመለመን አፏን ብትከፍት ለልመና የሚሆን ቃል አጣች።

«ኸሊሃ!» አለች ጮክ ብላ። ተያት!

ሉጥፊያ ግራ ተጋባች። «ያለችበት ትቆይ?»

«ኸሊሃ! ኸሊሃ!»

«ሰብለ፣ እናትሽ የምትለውን ታውቃለች?»

ሰብለ ጫማዋን እያየች «ታውቃለች» አለች።

«ኸላስ» አለች አስተማሪዋ፣ በቃ። እጅጋየሁ እጇን ልትስማት ምንም አልቀራት።

ግቢው ውስጥ ጥላ ስር እንደደረሱ አማተበች። «ተመስገን! አላባረሩሽም።»

«ማን ነው የሚባረረው?»

«ፈስል አላለችም እንዴ?»

ሰብለ በሳቅ ፈነዳች። «ዩማ፣ ፈስል እኮ ክፍል ነው! የዚህ አገር ደቡቦቹ እያሉ ለክርስቲያን ልጆች የብቻ ክፍል ነበረ። አገራቸው ሲገነጠል ሄዱ፣ ተዘጋ። አሁን እኛ ሐበሾቹ አራት ስለሆንን እንክፈትላችሁ ወይ አለችሽ። አንቺ ተያት አልሽ።»

«እና ቁርአን ትማር ብዬ መጣሁ?»

«አዎ።»

«አንቺስ አፍ የለሽም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

«በጥፊ ነው የማጠናግርሽ፣ አንቺ ልጅ!»

«እሺ ስሚኝ። እዚያ ሙሉ ነጥብ አገኛለሁ። ጓደኛዬ ዘምዘም እዚያ ናት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሃይማኖት ፈተና አለ፣ በአረብኛ። የክርስቲያኑን ማን ያስተምረኛል?»

«ቄሱ።»

«ቄሱ አረብኛ የት ይችላሉ? ኡስታዛ ወላጅ ያስተምር ነው ያለችው። አንቺ ማለት ነው።»

«እኔ?»

«እሺ አስተምሪኝ። ‹ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት› ምን ማለት ነው?»

እጅጋየሁ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስትለው የኖረችው ነው። «ጸሎት ነው።»

«ጸሎትነቱንማ አውቃለሁ። መንሱት ምንድን ነው?»

ቦታ ይሁን ሰው፣ በሽታ ይሁን አውሬ፣ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ልጅቷ የቁርአን ሱራዋን በቃሏ ስትወጣ ግን ትርጉሙንም አብራ ትላለች። እጅጋየሁ ፊደሉን ትምህርት ቤት፣ እግዚአብሔርን ቤት የሚያስተምር ይመስላት ነበር። ቤት ግን ማን አለ? እሷ ካፉሪ፣ ይስማው መንገድ ላይ። እሷን ያስተማሯት ሰዎች አባቷን ምን እናስተምርልህ ብለው ጠይቀውት አያውቁም። በሰው አገር፣ የሰው ሃይማኖት አስተማሪ ጠርታ ጠየቀቻት፤ እሷ ግን ያልተጠየቀችውን መለሰች።

«ተመለሽ» አለቻት። «የምልሽን ብቻ ተርጉሚ። አንዲት ቃል ብትጨምሪ ወዮልሽ!»

ሉጥፊያ ጠመኔዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ አገኟት።

«ክፍሉ ይከፈት ካልኩ፣» አለች እጅጋየሁ በልጇ አፍ፣ «እኔም የማላውቀው ከሆነስ?»

«እናት ካላወቀች እኔ ምን ላድርግ?» አለች ሉጥፊያ። «የእናንተን እኔ ላስተምራት? መጽሐፉን አንብቤ እችላለሁ። ትፈቅጃለሽ?»

እጅጋየሁ ሰብለን አየች። ሰብለ ጣሪያ ታያለች።

«አልፈቅድም» አለች እናት። «ከቁርአኑም ትውጣ።»

«ማን ያስተምራታል?»

«ኢንሻላህ» አለች እጅጋየሁ፤ ይቺን ተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ሉጥፊያ ትከሻዋን ሰበቀች፣ ጥግ ላይ ተዘግቶ የቆየውን ክፍል በጠመኔዋ አመለከተችና ወደ ተማሪዎቿ ገባች። ደወሉ ተደወለ። ዘምዘም በመስኮት «ሰብለ፣ ያላ!» ብላ ተጣራች። ሰብለ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «እኔ አሁን የት ልግባ?»

ክፍሉ የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ነበር። ሦስቱ ሐበሾች ገና አልተነገራቸውም። እጅጋየሁ ደኅናውን ወንበር መዝዛ ልጇን አስቀመጠችና ራሷ የት እንደምትቆም ጠፋት፤ ሰሌዳው ጋ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ይንዘፈዘፋል፤ መዳሟ ናት።

ከግድግዳው ወዲያ ሴቶቹ ልጆች ባንድ ድምፅ ሱራውን ጀመሩ። የሰብለ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እጅጋየሁ አየቻት። ተይ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ከተይ ቀጥሎ የምትላት ግን አልመጣላትም።