ሦስት ሰከንድ ሙሉ

በአክስቷ ላውንደሪ ውስጥ የልጅቷን ያህል ፈጣን ሰው አልተፈጠረም፤ ይህን ያለችው ደግሞ ራሷ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ከስልክ ላይ ብቻዋን ለቅማ ተምራ፣ ለላውንደሪው የልብስ መመዝገቢያ ገጽ ሠርታለች። ልብስ ሲመዘገብ ከስክሪኑ ጥግ አረንጓዴ መልእክት ብቅ ይላል፤ ካልተመዘገበ ቀይ። ይህን ብቅ ባይ መልእክት ቶስት ትለዋለች። ሦስት ሰከንድ ይቆይና እልም!

አክስቷ ቃል ገብታለች። ሳምንቱ ያለ ስህተት ካለፈ ልብስ ሲመዘገብበት የኖረው አሮጌ ደብተር ይጣላል፣ ልጅቷም የፊት ጠረጴዛውን ትይዛለች። አለዚያ ወደ አንሶላ ማጠፏ ትመለሳለች።

ካውያ የሚይዙት ሽማግሌ ግን ተማረሩ። "ልጄ፣ ካውያውን አስቀምጬ መነጽሬን እስካደርግ ታብሌቴ ላይ መልእክትሽ የለም። በጣቴ እስክነካው ቢቆይልኝ ምን አለበት?"

"ጋሼ ደግሞ! ሦስት ሰከንድ ሙሉ እኮ ነው! እርስዎ ይፍጠኑ እንጂ እኔ ለማንም ብዬ ኮዴን አልነካም።"

"አንቺ፣ አፍሽን ሰብስቢ!" አለች አክስቷ።

"አልሰበስብም! ዓይን ያለው ያያል።"

ሐሙስ ዕለት አንዲት አስተማሪ ጥቁር ካፖርት ይዛ መጣች። ለነገ ጠዋት ነው፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት። ልጅቷ ቀልጠፍ ብላ ጻፈች፣ "መዝግብ" የሚለውን ተጫነችና ካፖርቱን ልትሰቅል ዞረች።

ዓርብ ጠዋት አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ካፖርቱ እንደተጨማደደ ከተሰቀለበት ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ ናቸው የረሱት!" ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ሽማግሌው ታብሌታቸውን አዞሩላት። ዝርዝሩ ላይ ካፖርት የሚባል ነገር የለም። እየተነጫነጨች ገጹ ስህተቶቹን የሚይዝበትን መዝገብ ከፈተች። ለካ ትናንት ልክ በዚያች ደቂቃ ኔትወርኩ ተቋርጦ ኖሯል።

"ይኸው! ኮዴ አልተሳሳተም" አለች፣ አገጯን ሽቅብ አድርጋ። "ቀዩ መልእክት በሰዓቱ ወጥቷል!"

"ታዲያ ለምን አላየሽውም?" አለች አክስቷ፣ ደብተሩን ከመሳቢያ እያወጣች።

"ካፖርቱን እየሰቀልኩ ነበራ! ዞር ብዬ እስክመለስ..."

ሽማግሌው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ካውያውን አነሱ። ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

"ሦስት ሰከንድ ሙሉ ነበረሽ እኮ።"