አኻያ የያዘው አፈር

«ይቺኛዋ ደግሞ ሥሯ ወደ ሰማይ ነው» አለች ብርኽቲ፣ ጭቃ ውስጥ የተዘቀዘቀች ችግኝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ዋይ ኣነ! አያ ስሜነህ፣ የተከልነው ሁሉ የት ገባ?»

«ባሕር ገብቷል። ዓሣ ይጠይቁ» አላት ስሜነህ፣ ከድንጋይ ሥር ሌላ ችግኝ እየጎተተ።

ከኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ቁልቁል የሚወርደው ወንዝ በጋውን ሙሉ ደረቅ ነው። ዝናብ የመጣ ዕለት ግን የአስፋልቱን ውሃ ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ ሠራተኞች ከመስከረም በዓላት ማግስት ጀምረው የዳርቻውን ቆሻሻ ለቅመው፣ ጉሎውንና ከአውስትራሊያ የመጣውን ግራር ነቅለው፣ ጥንት የቦታው የነበረውን ተክል መልሰው ሲተክሉ ሰንብተዋል። የመጀመሪያው ጎርፍ የሦስት ሳምንት ድካማቸውን ይዞት ሄደ።

ሥራውን የምትመራው ወጣቷ የዕፅዋት ባለሙያ ታሊ ከመንገዱ እየተንደረደረች ወረደች። የተራቆተውን ዳርቻ አይታ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ሐሙስ መሐንዲሱ ይመጣል» አለች በዕብራይስጥ። «ዳርቻው አፈር አይዝም ካለ ከዚህ እስከ ድልድዩ በሲሚንቶ ይለብጡታል። በቃ፣ አለቀ።»

ስሜነህ ዶማውን ተደገፈ። ይህን አገር ከረገጠ አራተኛ ዓመቱ ነው። ፋብሪካ ጠርጓል፣ ሀዳር ሰፈር ሱቅ ደጃፍ ሣጥን ተሸክሟል፤ ሁሉንም እንደ ሕፃን ከሌላ ተምሮ ነው የሠራው። መገጭ ወንዝ ዳር ተወልዶ ላረጀ ገበሬ፣ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ሥራ እዚህ ወንዝ ዳር ብቻ ነበር የገጠመው። እሱንም ሲሚንቶ ሊያለብሱበት ነው።

«አውቄው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ችግኙ እንደማይቆይ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ቤሰደር ያልከኝ?» ጮኸች ታሊ። «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ፤ ሦስት ጊዜ ቤሰደር አልክ!»

ስሜነህ መሬት መሬቱን አየ። እውነቷን ነው፤ ቤሰደር፣ እሺ ብሏል። ፕላኗን ዘርግታ፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ «ውሃው ጫፍ ላይ በመስመር ትከሉ» ስትለው ምን ሊል ኖሯል? አለቃን በሰው ፊት ተሳስተሻል ማለት በእሱ ዘንድ ነውር ነው። በአገሩ ሰው እሺ ይላል፤ እሺ የተባለውም ነገሩ ገና እንዳላለቀ ያውቃል፤ የቀረው ኋላ ለብቻ ይነገራል። ታሊ ግን ኋላ አልጠየቀችውም።

«በእኛ ዘንድ» አለ፣ «ቤሰደር ማለት ሰምቼሻለሁ ማለት ነው። ልክ ነሽ ማለት አይደለም።»

ብርኽቲ ችግኙን ጥላ ሳቀች። «ወይ ጉዴ! ባሌ ሠላሳ ዓመት እሺ ሲለኝ የኖረው ለካ ሰምቼሻለሁ እያለኝ ነው!»

ታሊ አማርኛው አልገባትም፤ ግን ተቀመጠች። «እሺ፣ አሁን ንገረኝ። ምን ማድረግ ነበረብን?»

ስሜነህ ዳርቻው ላይ ካለች ምንጭ አጠገብ የቆመውን አሮጌ ዛፍ በእጁ አሳያት። እሷ አረቫ የምትለው፣ እሱ አኻያ የሚለው ነው። ከዛፉ አውራ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተሹሎ፣ እርጥቡ አፈር ድረስ ይቸከላል። ቀጭን ቀጭኑ በችካሎቹ መሐል እንደ አጥር ይጎነጎናል። ጎርፉ ሲመጣ ውሃው ያልፋል፣ ደለሉ ይቀራል። ችካሉ ደግሞ ሥር ሰዶ ራሱን ይተክላል። የእሷ ችግኞች ከአጥሩ ጀርባ፣ ከፍ ብለው ይገቡ።

«ሁለት ቀን ነው ያለን» አለች ታሊ ተነሥታ።

ማክሰኞን ውለው ቆረጡ፤ ረቡዕ ቸከሉ። ስሜነህ ይመታል፣ ብርኽቲ ትጎነጉናለች።

«አያ ስሜነህ፣ አንቱ ዛሬ አለቃ ሆነው ምሳም አስረሱን!»

«ምሳ አኻያው ሲጸድቅ ነው።»

«እኔ ቀድሜ እደርቃለሁ እንጂ!»

ታሊም እጅጌዋን ሰብስባ ትቸክል ጀመር። ስሜነህ ዞር ሲል የቸከለችው ሁሉ ተገልብጧል። ለቅጽበት አመነታ። ኋላ ለብቻዋ ልንገራት ቢል፣ ኋላ ዝናብ ነው።

«ገልብጠሽዋል» አላት። «የቡቃያው ዓይን ወደ ላይ ይይ። እንዲህ ከሆነ ይሞታል።»

ታሊ ቀና ብላ አየችው፤ አልተቆጣችም። ነቅላ መልሳ ቸከለችው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሐሙስ ጧት ሲመጡ፣ አጥር ያልደረሰበት ዳርቻ በቢላ የተቆረጠ ዳቦ መስሏል። ከአጥሩ ጀርባ ግን አፈሩ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ስንዝር የሚሆን አዲስ ደለል ተኝቶበታል። ሸበቶው መሐንዲስ በቦቲው አንዱን ችካል ገፋው፤ አልነቃነቅ አለው።

«ይህን ያሰበው ማነው?»

«እሱ ነው» አለች ታሊ። «የእኔንማ ጎርፉ ወሰደው።»

ስሜነህ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርለትና፣ ሲኮራ አይናገርም፤ ባርኔጣውን ነበር የሚያስተካክለው። ያን ጧት ሁለት ጊዜ አስተካከለው።

«ሲሚንቶው ይቅር» አለ መሐንዲሱ፣ ብዕሩን እያወጣ። «እስከ ድልድዩ በሙሉ እንዲህ ይሠራ። ይይዛል ካልከኝ አሁኑኑ እፈርማለሁ። አይዝም ካልከኝ ግን ጉዳዩን እንደገና ቢሮ ልወስደው ነው።»

ስሜነህ ዶማውን አንሥቶ ወደ ድልድዩ ሄደ። ወደ ሃያ ርምጃ ሲቀረው መሬቱን መታ፤ ዶማው ጮኸ። ከአንድ ጋት አፈር በታች ዐለት ነው። አኻያ ዐለት ላይ ሥር አይሰድም።

ሦስቱም አፍ አፉን ያዩታል። ታሊ ተጠግታ «በለው እንጂ!» አለችው በሹክሹክታ።

ስሜነህ መሐንዲሱ ለምልክት የያዘውን ቀይ ቀለም ከእጁ ተቀበለ። ዶማው የጮኸበትን ዐለት ጠርጎ ወፍራም መስመር አሰመረበት።

«እስከዚህ በእኔ ይሁን» አለ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «ከዚህ ወዲያ አይይዝም።»