መንታው ላይ የቆመችው

አናጢው በራሱ ቤት ብልጥ መሆኑ ነበር። ብልጠት ሰውን የት እንደሚያደርስ እንግዲህ ስሙ።

እሁድ ጠዋት አሥር ሆነው በሳይክል ጫካ ገቡ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ማጥ አድርጎታል፤ ጭቃው ጎማ ከያዘ አልለቅም ይላል። መሪያቸው ጋሽ ሞተር ነው፤ ስድሳ ያለፈው የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን ዳገት ስለማያደክመው ነው ይሄ ስም የወጣለት። የቡድኑ ሕግ አንድ ነው። መንገድ በተከፈለ ቁጥር መሪው ከኋላው ያለውን ሰው እዚያ ያቆማል። የቆመው ሰው ለሚመጡት ሁሉ አቅጣጫ ያሳያል፤ ጭራው፣ ማለትም የመጨረሻው ሳይክለኛ፣ ሲደርስ ብቻ አብሮት ይሄዳል። ጭራው ሳይመጣ ንቅንቅ የለም። የዚያን ቀን ጭራው አናጢው ነበር። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ነክታ አታውቅም። "ነይ እንጂ፣ ጭቃ ላይ ስትንከባለዪ አይቼ ልሳቅ" ብሎ ጎትጉቶ ያመጣት እሱ ራሱ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ የሳይክሉ ካቴና በጭቃ ታንቆ አልዞር አለው። ወርዶ በእንጨት ሲፍቅ ሲፍቅ ሌሎቹ ራቁ። በስተግራ አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ያውቃል፤ ወንዙን ሳይነካ ቀጥታ መሰብሰቢያው መጠለያ ያወጣል። "አሁን ማን ሊያውቅብኝ ነው!" አለና በዚያ ሾለከ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ?

መጠለያው ሲደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደገና ይደበድበዋል። ሰዎቹ ካልሲያቸውን እየጨመቁ ይሳሳቃሉ። አንዱ ብስኩት ሰጠው፤ ገና ሲጎርሰው ነበር ጋሽ ሞተር ከአናጢው ኋላ ሰው መፈለግ የጀመረው።

"ሚስትህስ?"

"እናንተ ጋ አይደለችም እንዴ፣ ጋሼ?"

"ወንዙ ዳር መንታው መንገድ ላይ ያቆምኳት እሷን አይደል! 'ባልሽ ሳይመጣ እንዳትነቃነቂ' ብያት ነው የመጣሁት።" ሽማግሌው ፊቱ ተለወጠ። "አንተ በየት በኩል መጣህ?"

ብስኩቱ አናጢው አፍ ውስጥ ሰጋቱራ ሆነበት። ያ ወንዝ በዝናብ ጊዜ ሳይታሰብ ሞልቶ ሜዳውን እንደሚያለብስ ያውቃል። ሚስቱን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃታል፤ ቁሚ ከተባለች ውሃ ጉልበቷ ቢደርስም ትቆማለች። ሳይክሉን አንስቶ ቁልቁል በረረ።

ሁለቴ ወደቀ። ፍሬኑ አልይዝ አለ፤ ፈጣሪዬ ሆይ፣ እሷን ብቻ አትንካብኝ እያለ ይለምናል። ወንዙን ከማየቱ በፊት ጩኸቱን ሰማ። መንታው የነበረበት ሜዳ የለም። ድፍርስ ውሃ ቅርንጫፍ እየጎተተ ያልፍበታል። የሚስቱ ሳይክል ዳር ላይ ተጋድሞ የፊት ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሄልሜቷ ሣር ላይ ወድቋል።

"ወይኔ! ገደልኳት!" ብሎ ጮኸ። እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ያገኘውን ቅርንጫፍ ሁሉ እሷ መስላው ይጎትታል። ጎርፉ ሊያንሳፍፈው ትንሽ ሲቀረው ከላይ፣ ከዳገቱ በኩል፣ ጎርናና ድምፅ ሰማ።

"ውጣ ከዚያ! ምን ሆነሃል አንተ?"

ሚስቱ ናት። እስከ ራስ ፀጉሯ በጭቃ ተለውሳለች፤ መዳፏ ተልጦ ይደማል። እየተንገዳገደ ወጥቶ እጇን ያዘ።

"ስትዘገይብኝ ወድቀህ ነው ብዬ ሳይክሌን ጥዬ በእግሬ ተመለስኩ" አለች። "ገደል ገደሉን ስፈልግህ ነበር። ሄልሜቴን ያወለቅኩት ብትጮህ እንድሰማህ ነው። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ እኮ።"

"ይቅር በይኝ። ካቴናው..."

"ካቴናህን የፋቅክበትን ቦታ አየሁት" አለች። "ከዚያ ዱካህ ወደ ግራ ታጥፏል።"

በዚህ መሃል ጋሽ ሞተር ሁለት ሰው አስከትሎ እያለከለከ ደረሰ።

"ተመስገን! ተመስገን! ምን ሆናችሁ ነው፣ ልጆቼ?"

"ካቴናው ተበጥሶበት ነው፣ ጋሼ" አለች እሷ ቀድማ፣ ለተማሪ መልስ እንደምትነግር ረጋ ብላ። ባሏን አላየችውም።

አናጢው በሰው ፊት በሰደበችኝ ብሎ ተመኘ። እሷ ግን ሄልሜቷን አንስታ አጠለቀች፤ ሳይክሏን ከውሃው ጎትታ አወጣች። "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ከኋላ እመጣለሁ" አለች። ማንም አልተከራከራትም።

አናጢው ከፊቷ እየነዳ በየኩርባው ዞር ይላል። ትመጣለች። አትስቅም፣ አታኮርፍም፣ ዝም ብላ ፔዳሏን ትመታለች። ጎርፉ ውስጥ ቆሞ ከፈራው ይልቅ አሁን ፈራ፤ ምን እያሰበች እንደሆነ አያውቅም፣ ለመጠየቅም ወኔ አላገኘም።