የጋሼ ውሃልክ ጉድጓዶች

የጤና ጽሕፈት ቤቱን መኪና ለአሥራ አንድ ዓመት ስነዳ ብዙ አለቃ አመላልሻለሁ። እንደዚች የአካባቢ ንጽሕና ተቆጣጣሪ ያለ ሰው ግን አልገጠመኝም። የሐይቁ ዳር ሰፈር ሰው «ወይዘሮ ጉድጓድ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ ስትሰማ ከት ብላ ትስቃለች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በርትቶ ሐይቁ እስከ አጥሮቹ ግርጌ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ተጨናነቀ። እሷም ከሰባት ቦታ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱን መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወረቀቱን አጣጥፋ፣ «ሰዉ በገዛ ሽንት ቤቱ ውስጥ እየዋኘ ነው» አለችኝ። ወዲያውኑ ዳሩ ላይ መዋኘት የሚከለክል ማስታወቂያ ተከለች።

የሰፈሩ ቤቶች ከተሠሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እያንዳንዱ ግቢ ከመሬት በታች የተቀበረ የፍሳሽ ጉድጓድ አለው፤ ያኔ ሐይቁ ሩቅ ስለነበር ማንም አልሰጋም። ቤቶቹ ሠላሳ አራት ሲሆኑ መዝገብ ቤት የተገኘው ግን የአሥራ ሁለቱ ንድፍ ብቻ ነው። የቀሩት ጉድጓዶች የት እንዳሉ ባለቤቶቹም አያውቁም።

በር ማንኳኳት ጀመረች። ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨምራ ውሃ ትለቅበታለች፤ ከዚያ ዳር ወርደን እንጠብቃለን። ጉድጓዱ የሚያፈስ ከሆነ ቀለሙ በማግስቱ ሐይቁ ላይ ብቅ ይላል። አንዱ በር ይዘጋባታል፣ ሌላው ውሻ ይለቅባታል። አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ የሰው ሽንት ቤት ሆነ?» አሏት።

«አዎ እማማ፤ የልጅ ልጅዎ እንዳይታመም» አለችና ጎንበስ ብላ ገባች።

አንድ ቀን ተራው የአጎቷ ቤት ሆነ። እናት አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ግንበኛ ነበሩ፤ በሥራቸው ቀጥ ያሉ ስለነበሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ ውሃልክ» ይላቸዋል። የሰፈሩን ጉድጓዶች በሙሉ የሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ የት እንደተቀበሩ ስትጠይቃቸው ግን «የኔ ግንብ አይቆፈርም» ብለዋት ነበር።

«የሳቸውን እንኳ ዝለይው» አልኳት።

«የሳቸውን ዘልዬ የጎረቤታቸውን በየትኛው አፌ ልጠይቅ?»

ጋሼ በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ቀለሙን ሲያዩ ሳቁ። «የኔ ግንብ አያፈስም። ጨምሪ፣ ጨምሪ፤ ሞልተሽ ጨምሪ!»

በማግስቱ ጠዋት ከአጥራቸው በታች፣ ልጆች ከሚዋኙበት ድንጋይ ሥር፣ ውሃው እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ደብዳቤ ብቻ ትልክላቸዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሄዳ እጃቸውን ይዛ ዳር ድረስ አወረደቻቸው። ሽማግሌው ተንበርክከው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ልጆች እየታመሙ ነው» አለች። ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሳ ጉድጓዱ እንደሚያፈስ የሚገልጸውን ማስጠንቀቂያ በራሷ እጅ በራቸው ላይ ለጠፈችው። ሲለጠፍ ቆመው አዩና ገብተው ዘጉ።

ሦስት ቀን ስልኳን አላነሡም። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኩን ታገላብጣለች። እኔም መስታወት እወለውላለሁ።

በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። አንድ ሆቴል ያለው ሰውዬ ተነሥቶ፣ «ከመሬት በታች ያለውን ማን አየ? ቀለም አፍስሶ ሰው ማስፈራራት ሥራ ሆነ እንዴ?» ሲል ግማሹ አጨበጨበ። በዚህ መሀል ጋሼ በኋላ በር ገቡ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «የኔ ጉድጓድ ያፈሳል። የናንተንም የሠራሁት እኔው ነኝ። ያኔ ወለሉን በሲሚንቶ አንደፍነውም ነበር፤ ውሃው እዚህ ይደርሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የት የት እንደተቀበሩ አውቃለሁ፤ ነገ ጠዋት ከዚች ልጅ ጋር በየቤታችሁ እንመጣለን፣ በር ክፈቱ።»

ወደ እሷ ዘወር ብለውም፣ «ያንን ወረቀት ጠማማ አድርገሽ ነው የለጠፍሽው» አሉ። እሷ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት አልረሳም። ጋሼ ዱላቸውን ይዘው፣ «ከኩሽናው ጥግ ስድስት እርምጃ፣ ወደ ግራ ሁለት» ይላሉ፤ ይቆፈራል፤ ክዳኑ ይገኛል። እሷ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ትነድፋለች። የሆቴሉ ጉድጓድ ከመመገቢያ አዳራሹ ወለል ሥር ተገኘ፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ክርክር አላነሣም። ከሠላሳ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ያፈሱ ነበር።

መፍትሔው በቀላሉ አልመጣም። የሚያፈሱት በመምጠጫ መኪና እየተመጠጡ በአፈር ተደፈኑ፤ ባለቤቶቹም ለጊዜው የጎረቤት ሽንት ቤት ይጋሩ ጀመር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከፍታው ላይ፣ ለሰፈሩ የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ እንዲሠራ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። «በጀት የለም» ሲሏት የታመሙትን ሕፃናት ዝርዝር ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች እንጂ አትወጣም። ግንባታው ሲጀመር ጋሼ ሳይጠሩ ሄደው ተቆጣጠሩ፤ አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አስፈርሰዋል።

ማጣሪያው ካለቀ በኋላ በመጣው ክረምት ሐይቁ እንደገና ሞላ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በዚያ ወር በተቅማጥ የመጡት ሁለት ሕፃናት ብቻ መሆናቸውን ነገረችን። እንደገና ከሰባቱ ቦታ የተቀዳው የሰባቱም ጠርሙስ ውጤት ንጹሕ ሆነ።

አሁን ማዶ ያለውን ሰፈር ይዘናል፤ ሃምሳ ሁለት ቤት ነው። ጋሼ ከኋላ ወንበር አይጠፉም። የማዶዎቹን ጉድጓዶች የሠራው የድሮ ተፎካካሪያቸው ነውና፣ «ቶሎ ንዳ እንጂ! የዚያን ሰውዬ ግንብ ሳላይ እንዳልሞት» ይሉኛል።