ሁሉም ዳለቻ

ዳለቻ፣ ዳለቻ፣ አሁንም ዳለቻ፣ ሦስት በቅሎ ላፕቶፑ ላይ አስገብቼ ሦስቱም የያርጋል ዳለቻ ሆነው ቁጭ፣ የአባቴ ቦራ የት ገባች፣ የአሻግሬ ዳማስ፣ ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌያቸው የለ፣ ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ከኋላዬ ቆመዋል፣ የባለበቅሎዎቹ ተራ አስከባሪ፣ ጋቢያቸው ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ ተራራ የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ባለተራዋን በቅሎ የሚያሳይ ገጽ ይቺ ልጅ ሠርታለች ብላ የጠራቻቸው ትሕትና ናት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሷ፣ ላፕቶፑ የሷ፣ ምላሱም የሷ። ከሠራ ቢሯቸው ያስቀምጡኛል። ካልሠራ አዲ አርቃይ፣ አክስቴ ሆቴል፣ ሳህን ማጠብ፣ ስምንተኛን ጨርሳ የለ ምን ቀራት ብላለች አክስቴ።

የያርጋል በቅሎ ብቻዋን ነው እንዴ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ካምፕ የምትወጣው፣ ይላሉ ጋሼ፣ ያርጋል ይህን ቢሰማ ድግስ ነው የሚደግሰው፣ ትሕትና ትስቃለች፣ ጆሮዬ ይግላል።

ግን ለምን የመጨረሻዋ? ለምን ሁሉም ቦራ አልሆኑም? ማፈሬን ትቼ ይሄ ይገርመኛል። ፋንክሽኑን፣ በቅሎ የሚሠራልኝን ትእዛዝ፣ በቅሎ ብዬዋለሁ፣ ስም ስሰጠው ዚስ ላይ ይጽፈዋል፣ ዚስ ማለት ይቺ፣ ይቺ በቅሎ፣ የትኛዋ? ትናንት ስጠራው አንዲፋይንድ አለኝ፣ ምንም የለም እንደማለት፣ ተናደድኩና መጨረሻው ላይ ሪተርን ዚስ፣ ይቺን መልስልኝ አልኩት፣ መለሰ፣ ደስ አለኝ፣ ምን እንደመለሰ ግን አላየሁም። ቦራና ዳማ አንድ ናቸው ወይ ብዬ ልጠይቀው። እውነት፣ ይለኛል። እውነት? ከፍቼ አያለሁ፣ በቅሎ የለም፣ ዊንዶው ነው፣ ገጹ ራሱ፣ ጠቅላላው ግቢ። ኧረ ጉድ። በቅሎዋ ሳትኖር ስም ሳወጣ ነበር፣ እሱም የሚጽፍባት ቢያጣ ጋጣው በር ላይ ጻፈው፣ ቦራ፣ በላዩ ዳማ፣ በላዩ ዳለቻ፣ መልስልኝ ስለው ያንኑ ጋጣ ሦስቴ አስረከበኝ።

በሉ እንግዲህ ልጆቼ፣ እኛስ የለመድነው እስክሪብቶ ይሻለናል፣ ይላሉ ጋሼ፣ ወደ በሩ ይዞራሉ፣ ትሕትና ታየኛለች፣ ምነው ዛሬ ለኔ ተወችው፣ ሁልጊዜ የምትናገርልኝ እሷ አይደለች፣ እግራቸው ደፉ ላይ ደረሰ፣

ይቆዩ።

ማን ነው ያለው? እኔ ነኝ። ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሼ። አፍ አላት እንዴ የላቀው ልጅ፣ ይላሉ፣ ተመለሱ፣ ሪተርኑን አጠፋዋለሁ፣ በእያንዳንዷ ፊት ኒው፣ አዲስ ማለት፣ ኒው፣ ኒው፣ በቅሎ መካን ናት ይባላል፣ ኒው ግን ያለ እናት ባዶ በቅሎ ያስገኛል፣ ይቺ ሲል ያቺኑ ነው፣ ስሟን ይሰጣትና ማንም ሳይለምነው ይመልሳታል።

ቦራ። ዳማ። ዳለቻ።

ጋሼ ጎንበስ ይላሉ፣ የአሻግሬ ዳማ ትራገጣለች፣ እሱንም ጻፊበት፣ ኋላ እንግዳ እንዳትጥልብን ይላሉ፣ ለዳማ ብቻ እጽፋለሁ፣ ቦራን አያለሁ፣ አትራገጥም፣ ዳለቻም፣ ለየራሳቸው ናቸው፣ ጋሼ ይስቃሉ፣ ነገ ቢሮ ነይ፣ የቀሩትንም እናስገባለን፣ እሺ ያልኩ መሰለኝ፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው፣ ፕሮቶታይፕ የሚሉት፣ አንዴ ጽፈሽው በቅሎዎቹ ሁሉ የሚጠቀሙበት፣ ልክ ኮርቻ እንደመዋስ፣ እና አንዷ የራሷ ኮርቻ ካላት የጋራውን ትተዋለች፣ ወይስ ይደራረብባታል፣ ነገ አየዋለሁ፣ ነገ ቢሮ