የቀኝ ፍሬቻ

ሕሩይ ከመሪው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹ በተከፈተው በር ወደ ውጭ ተንጠልጥለው፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ እንደነከሰ የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ አበራ። ያየውን ማመን አቃተው። የአሮጌዋ ፒክአፕ የፍሬቻ ማብሪያ እሱ የሚያውቀው አልነበረም። ሽቦዎቹ በየቀለማቸው ተለይተው፣ እንደ ሹሩባ በሥርዓት ተኝተዋል።

«ማነው የነካብኝ?» አለ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ።

የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በከዘራቸው ተደግፈው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልጅ ናት። አንተ ለቅሶ ሄደህ ሳለ ማብሪያው አልይዝ አለኝ። ምን ላድርግ? ድንቹን ከእንጦጦ ማውረድ ነበረብኝ።»

ጵርስቅላ! ሕሩይ ስሟን መጥራት እንኳ አይወድም። ከየካ አባዶ በሚኒባስ እየተመላለሰች ከጋራዡ ፊት ለፊት ኮንቴይነር ተከራይታ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ስትጀምር አዝኖላት ነበር። «ማን መኪናውን ይሰጣታል ብላ ነው?» ብሎ ነበር ለሚስቱ። አሁን ግን የራሱ ደንበኞች በእሱ ደጃፍ ቆመው ለእሷ ጡሩምባ ይነፋሉ። እሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ያየው ሁሉ እንደ ቃር ደረቱን ያቃጥለዋል።

ይህንንም ችሎት ነበር። ይህቺ ፒክአፕ ግን ሌላ ናት። የጋሽ ወልደ ሐዋርያት ጢም ገና ጥቁር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ከእሱ በቀር ሞተሯን የከፈተ ሰው የለም። ሚስቱ እንኳ መኪናዋ ግቢው ስትገባ «ጣውንቴ መጣች» እያለች ትቀልድበታለች።

«ታዲያ አሁን ምን ሆነች?» አለ ድምፁ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀ።

«ወደ ግራ ደህና ናት። ወደ ቀኝ ስሰጥ ግን ይበራና ጉብታ ላይ ስደርስ ድርግም ይላል። ትናንት ከእንጦጦ ስወርድ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ስል፣ ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ምልክቴን ስላላየ በቀኜ ሊያልፍ ገባ። ለጥቂት ነው የተረፍነው። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች።»

ሕሩይ ስህተቷን ሊያገኝ ጓጉቶ ማብሪያውን ፈታ። ተቃጥለው የነበሩት የመገናኛ ነሐሶች በጥንቃቄ ተሞርደው ያብረቀርቃሉ። የላላው ሞላ ተቀይሯል። እሱ ቢሆን «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ብሎ የሌላ መኪና ማብሪያ ይለጥፍበት ነበር። ማብሪያውን መልሶ ገጥሞ ወደ ቀኝ ሰጠና ሽቦውን ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ። ከቀኙ የኋላ መብራት ሥር በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በላዩ በሲባጎ የታሰረ መጋጠሚያ አገኘ። በሲባጎ የሚያስር በሰፈሩ እሱ ብቻ ነው። ፕላስተሩ በስብሶ፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። በጣቱ ነካ ሲያደርገው መብራቱ በራ፤ ሲለቀው ጠፋ።

ቀና አለ። ከመንገዱ ማዶ ሦስት ሚኒባሶች ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ ማብሪያውን አበላሽታዋለች» አለ። ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ ካመለጠው በኋላ ግን ጣፈጠው። «ልጅ አይደለች? በአዲስ መኪና የለመደ እጅ ለዚህች አይሆንም።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ባለቤቴን ልታስጨርሰኝ ነበራ!» አሉና ከዘራቸውን እየወዘወዙ መንገዱን ተሻገሩ። ሕሩይ ይህን አልጠበቀም። ጩኸታቸው እስከ ጋራዡ ይሰማል። ሾፌሮቹ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። አንደኛው ተራው ሳይደርስ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ጵርስቅላ የመሣሪያ ሣጥኗን ይዛ፣ ከሽማግሌው ኋላ ኋላ መጣች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«ጋሽ ሕሩይ፣ እንደምን ዋሉ? ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ያሳዩኝ።»

«እዚያው ነው… ማብሪያው ላይ።»

ገብታ ተቀመጠች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ሰጠች። «እኔ ማብሪያው ላይ ምንም አልታየኝም» አለች በመጨረሻ። «ግን ይህችን መኪና እርስዎ ከኔ በላይ ያውቋታል። እርስዎ አለ ካሉ አለ ማለት ነው። ቆርጬ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።»

ብትከራከረው ኖሮ ያውቅበት ነበር። ጠብ ለምዷል። እሷ ግን አመነችው፤ አምናውም ያንን የመሰለ ሥራ ልትበጥስ ፒንሳዋን ከሣጥኑ አወጣች።

«ተዪው!» አለ።

ፒንሳው አየር ላይ ቀረ።

«አትቁረጪው። ያንቺ ሥራ ደህና ነው።»

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት።

«ጥፋቱ ከኋላ ነው ጋሼ። እኔ ያሰርኩት ሽቦ በስብሷል።» በጣቱ ወደ ኋላው መብራት ጠቆመ። «ቅድም አይቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ጵርስቅላ ከመኪናዋ ወረደች። «ሰው ፊት ነው የተሰደብኩት» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

ሕሩይ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ የራሱን መጋጠሚያ ቆርጦ ጣለ፤ ሽቦውን ልጦ በአዲስ አያያዘ። ጵርስቅላ ሳይጠይቃት ገብታ ፍሬቻውን ወደ ቀኝ ሰጠች። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ጉብታ ላይ የደረሰች እንዲመስል የጭነቱን ወለል በከዘራቸው ደጋግመው መቱት። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቀጠለ፤ አልጠፋም።

«እንግዲህ ሌላ ቀን ማን ጋ ልምጣ?» አሉ ሽማግሌው፣ ሁለቱንም እያዩ።

ሕሩይ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እዚያው ደረቱ ላይ ነው። ጨርቁን ጣለና ወደ መኪናዋ ገባ። ሞተሩን አስነሣ፤ መንገዱን ተሻግሮ በኮንቴይነሩ ደጃፍ፣ ተራ በሚጠብቁት ሾፌሮች መካከል አቆማት፤ ሽማግሌውና ጵርስቅላም ተከትለውት ተሻገሩ።

«የዚህችን ፍሬቻ የሠራችው ጵርስቅላ ናት!» አለ ሁሉም እንዲሰማው። «ስህተቱ የኔ ነበር። ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለመብራቷ እዚህ ይምጡ።»

ቁልፉን ለሽማግሌው ዘረጋ፤ ሊቀበሉት ሲሉ ግን ወዲያው አልለቀቀውም።

«ለሞተሯ እኔ ጋ» አለ።